ደሴ እደሩ፦ የአምስት ቀን የጉዞ ማስታወሻ

ዓርብ

ደሴ ስመጣ ይኼ አራተኛዬ ነው። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ መጥቼ ያደርኩት ሦስት ሌሊት ብቻ ነው። ሁለቱን ወደ ላሊበላ ሳልፍ፣ አንዱን ለለቅሶ። ማታ ደርሶ መተኛት፣ ጠዋት ቁርስ በልቶ መውጣት። ብዙ ሰው ደሴን የሚያውቃት እንዲሁ በማለፍ ነው።

በዚህ ጉዞ ግን አምስት ቀን ልቆይ ብዬ ወሰንኩ። አንድ ጥያቄም ይዤ መጣሁ። እዚህ አካባቢ ያለው ቅርስ አጠገቡ ለሚኖረው ሰው ምን ያደርግለታል? "ዘላቂ ልማት" የሚለውን ቃል በየስብሰባው እንሰማዋለን። እኔ ቃሉን በእንጀራ ልለካው ፈለግኩ። ስለዚህ አንዲት ትንሽ ደብተር ገዛሁ። በየቀኑ ያወጣሁት ብር ማን እጅ እንደገባ ማታ ማታ ልጽፍባት ነው።

የመንገዱ ነገር ስላሳሰበኝ በአውሮፕላን መጣሁ። ኮምቦልቻ ስወርድ ሙቀቱ ጃኬቴን አስወለቀኝ። ከዚያ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው። ግን መሐል ላይ ሐረጎ የሚባል ዳገት አለ። መኪናው እየተጠማዘዘ ይወጣል፣ ጆሮ ይደፈናል፣ ነፋሱ እየቀዘቀዘ ይመጣል። የወለቀው ጃኬት ግማሽ መንገድ ላይ ተመልሶ ይለበሳል።

ሹፌሩ የደሴ ልጅ ነው።

"ለስንት ቀን ነው ወንድሜ?" አለኝ።

"ለአምስት።"

በመስታወቱ አየኝ። "ለሥራ ነው?"

"አይ፣ ላይ ነው የመጣሁት።"

"ማሻአላህ!" አለ። ትንሽ ዝም ብሎ ነዳና፣ "አየህ፣ አንድ ቀን የሚያድር ሰው እኔን የሚፈልገኝ ሁለት ጊዜ ነው። ሲመጣና ሲሄድ። አምስት ቀን የሚያድር ሰው ግን በየቀኑ ይደውልልኛል። አልጋ ያከራየችህም ሴትዮ እንደዚያው። ቡና የምታፈላልህም እንደዚያው።"

ከዚህ የተሻለ የቱሪዝም ኢኮኖሚ ትምህርት ሰምቼ አላውቅም። እንግዳው ስንት እንደሆነ ብቻ መቁጠር አይበቃም። ስንት ሌሊት አደረ የሚለው ይበልጣል።

ማታ ፒያሳ አካባቢ ጋቢ ደርቤ ሻይ ጠጣሁ። ደብተሬ ላይ ሹፌር፣ አልጋ፣ እራት፣ ሻይ ብዬ ጻፍኩ። ለቅርስ የከፈልኩት ገና ምንም የለም።

ቅዳሜ

ጠዋት የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ብርዷ ቀልድ አያውቅም። ስሟን ያወጡላት አፄ ዮሐንስ አራተኛ ናቸው ይባላል። እዚህ ሰፍረው ሳለ ሰማይ ላይ ጅራታም ኮከብ አይተው ደስ ስላላቸው "ደሴ" አሏት ይላሉ ሽማግሌዎቹ። ከተማ ያደረጓት ግን ንጉሥ ሚካኤል ናቸው።

ወደ አይጠየፍ አዳራሽ በእግሬ ሄድኩ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው። የእኚህ ሰው ታሪክ ራሱ የወሎ ታሪክ ነው። ከወሎ ኢማሞች ቤት ሲወለዱ ስማቸው መሐመድ አሊ ነበር። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ከጠሩት የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ ጋር በተያያዘ ክርስትና ተነሡና ሚካኤል ተባሉ። ራስ ሆነው ዓድዋ ዘመቱ። ግንቦት 1906 ዓ.ም. በልጃቸው በልጅ ኢያሱ ዘመን ነገሡ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። የንግሥናቸው ዘመን ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላም።

አዳራሹ ግን ቀረ። ስሙም ቀረ። አይጠየፍ ማለት ደሃ ሀብታም፣ እስላም ክርስቲያን ሳይል ሁሉን የሚያስተናግድ ማለት ነው። ወሎ ውስጥ ዛሬም ሠርግ ሲደገስ የእስላሙ ሥጋ ለብቻ፣ የክርስቲያኑ ሥጋ ለብቻ ይታረዳል። ድንኳኑ ግን አንድ ነው። አዳራሹን ሳይ ይኼ ልማድ ቤት ተሠርቶለት ቆሞ ያየሁት መሰለኝ።

ከሁሉ በላይ ያሰብኩት ስለ ጓዳው ነው። ለአንድ ግብር ስንት እንጀራ ተጋግሯል? ጠጁን የጣሉት፣ እንጨቱን የፈለጡት፣ በሬውን ከገጠር የነዱት፣ መሶቡን የሰፉት እነማን ናቸው? አዳራሹ ሥራ ላይ በነበረበት ዘመን ብዙ ሰው እንጀራውን ያገኘበት ነበር። ዛሬ ይህን ቤት ልናድን ስንነሣ ድንጋዩን ብቻ ካዳንን ግማሹን ሥራ ነው የሠራነው። በዙሪያው የነበረው ሥራ አብሮ ካልተመለሰ ግድግዳው ብቻውን ይቆማል።

ከዚያ ወጥቼ ሰፈር ለሰፈር ስዞር አንድ ሽማግሌ ግንበኛ የአሮጌ ቤት ግድግዳ ሲጠግኑ አገኘሁ። በመሮ ሲሚንቶ እየፈነቀሉ ነው። ደርቆ የተለጠፈውን ሲሚንቶ ሲያነሡት ከሥሩ ያለው ድንጋይ እርጥብ ሆኖ፣ ጭቃው እንደ ገንፎ ላልቶ ወጣ።

"ጋሼ፣ ለምንድን ነው የሚያነሡት? ሲሚንቶ ያጠነክረው የለ?"

"ያጠነክረዋል ብለው ነው የለጠፉት" አሉኝ። "የድሮ ግድግዳ ይተነፍሳል። ዝናብ ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይተፋል። ሲሚንቶ ስትለጥፍበት አፉን ዘጋኸው። ውሃው ውስጥ ይቀራል። ከላይ ስታየው ጤነኛ ነው፤ ከውስጥ በስብሷል።"

በኖራ ነው የሚሠሩት። ኖራውን በርሜል ውስጥ አድርገው ውሃ ሲያፈሱበት እንደ ድስት ፈላ። ነጭ እንፋሎት ወጣ። "ራቅ በል፣ ዓይን ያጠፋል" አሉኝ። ከፈላ በኋላ ለቀናት ይቀመጣል። ከዚያ ከአሸዋ ጋር ይቦካል። ግድግዳው ላይ ሲያስገቡት በማንኪያ ብቻ አይደለም፤ በአውራ ጣታቸው ጭምር እየጫኑ፣ ክፍተቱን ሁሉ እየሞሉ ነው። ጣታቸው በኖራ ተሰነጣጥቋል።

"ተማሪ አለዎት?"

"ሁለት ልጆች ነበሩኝ። ብሎኬት መደርደር ይሻለናል ብለው ሄዱ። አልፈረድኩባቸውም። ብሎኬት በየቀኑ ሥራ አለው።"

እዚህ ጋ ቆሜ ብዙ አሰብኩ። ስለ ዘላቂ ልማት ሲወራ ፋብሪካና መንገድ ነው የሚታሰበን። አሮጌ ቤት መጠገን ግን ከብዙ ግንባታ የሚለይበት ነገር አለው። አብዛኛው ወጪ የእጅ ዋጋ ነው። ብረትና መስታወት ከውጭ አያስመጣም። ድንጋዩ ከዚሁ፣ ኖራውና አሸዋው ከአገር ውስጥ፣ ጣቱም የሰፈር ሰው ጣት ነው። ብሩ ከተማው ውስጥ ይቀራል። ደሴ ውስጥ መጠገን ያለበት አሮጌ ቤት ተቆጥሮ፣ በየዓመቱ ጥቂቱ እንኳ በተራ ቢሠራ፣ እኚህ ሰው ተማሪ አያጡም ነበር።

ሕጉን በተመለከተም አንድ ነገር ልበል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የቅርስ ባለቤት ቅርሱን በራሱ ወጪ እንዲጠብቅ ግዴታ ይጥልበታል፤ ለመጠገንም ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃዱ ተገቢ ነው። ያለ እሱ ሁሉም እንዳሻው ሲሚንቶ ይለጥፋል። ነገር ግን በጡረታ ብር የሚኖር ሰው ቤቱ "ቅርስ ነው" ሲባል መጀመሪያ የሚሰማው ስጋት ነው። እንዳላፈርሰው ተከለከልኩ፣ እንዳልጠግነው አቅም የለኝም ይላል። ከእገዳው ጋር የግንበኛ ዋጋ ወይም የግብር ቅናሽ ቢመጣለት ስጋቱ ወደ ኩራት ይለወጥ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ደሴ ሙዚየም አቀናሁ። ቤቱ ራሱ ቅርስ ነው፤ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ነበር። በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ሙዚየሙ ተዘርፏል፣ ተጎድቷል። ስለዚህ ነገር ብዙ መጻፍ አልችልም፤ ያመኛል። በር ላይ ያገኘኋቸው አንድ የሰፈሩ አባት ግን የነገሩኝን ልጻፈው። ልጅ ሳሉ ከትምህርት ቤት ተሰልፈው መጥተው የአያታቸውን ዓይነት ጋሻ መስታወት ውስጥ አይተዋል። "ያን ቀን ነው የእኛም ዕቃ ለካ ክቡር ነው ያልኩት" አሉኝ። በየትኛው መዝገብ ላይ ይኼ ኪሳራ ይጻፋል?

ስመለስ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ መሶብ የምትሰፋ እናት አየሁ። ሰላም አልኳቸው። "ና አረፍ በል የኔ ጌታ፣ ቡናው ደርሷል" አሉኝ። ወሎ ውስጥ መንገደኛ ቡና ላይ ካልተቀመጠ እንደ ቅሬታ ነው። ተቀመጥኩ። እሳቸው በወስፌ ይወጋሉ፣ አለላውን ያስገባሉ፣ በጥርሳቸው ይዘው ይስባሉ። ወግቶ ማስገባት፣ መሳብ፣ ማጥበቅ። አንድ ዙር እስኪሞላ አቦል ጠጥተን ቶና ደረሰ።

"ስንደዶውን ከየት ነው የሚያገኙት?"

"ድሮ በመስከረም እኛው ወጥተን እንነቅል ነበር። አሁን ሜዳው ሁሉ ታረሰ። ከገበያ በብር ነው።" ቀና አሉና፣ "ሰው ይመጣል፣ አይጠየፍን ያያል፣ እኔንም ፎቶ ያነሣል። አውቶብሱ ጥሩምባ ይነፋል፣ ይሮጣል። ዋጋ የሚጠይቅ እንኳ ጊዜ የለውም።"

መሶብ አዘዝኳቸው። "ስንት ሰው ነው የሚበላበት?" አሉኝ። መጠኑን የሚያወጡት በሴንቲ ሜትር አይደለም፤ በሰው ነው። ስድስት አልኳቸው። ግማሹን ከፈልኩ። ስልክ ቁጥሬን ልጃቸው መዘገበች።

ማታ አንድ የባህል ምሽት ቤት ገባሁ። ማሲንቆ ነበር። አራቱ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል እና አንቺሆዬ ናቸው። ባቲና አምባሰል ስማቸውን የወሰዱት ከዚሁ ከወሎ አገሮች ነው። አዝማሪው አምባሰልን ሲጀምር ቤቱ ጸጥ አለ።

እሁድ

ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሚኒባስ ሄጄ ከከተማዋ እስከ ውሃው በባጃጅ ወረድኩ። መጀመሪያ የሚታየው ውሃው ነው። ሰማያዊ፣ ዝም ያለ፣ ዙሪያውን በተራራ የታጠረ።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ድሮ ደሴት ነበር። አሁን ከየብሱ ጋር ተገናኝቷል፣ በእግር ይገባል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ መጥተው እዚህ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩት እዚህ ነው። የገዳሙ አለቃ "ዐቃቤ ሰዓት" ይባል ነበር፤ በቤተ መንግሥት ትልቅ ሥልጣን የነበረው ማዕረግ ነው። ኢየሱስ ሞዓ መጻሕፍት ያስጽፉና ያሰባስቡ ነበር። ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል ከ700 ዓመት በላይ አልፎታል። እስኪ አስቡት፤ ያ ሁሉ ብራና የበግና የፍየል ቆዳ ነው። ቆዳ የሚፍቅ፣ ቀለም የሚበጠብጥ፣ ቁም ጸሐፊ፣ ደጓሽ፣ ሁሉም እዚህ ሐይቅ ዳር ሥራ ነበራቸው።

ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴቶች አይገቡም። አብረውኝ በባጃጅ የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ። ባልየው ገባ፤ እሷ ውሃው ዳር ቀረች። ስንወጣ ሁለት ሰዓት ያህል ብቻዋን ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። የሥርዓቱን ነገር አልነካም። ግን ለሚጠብቁት ሴቶች ጥላ፣ ቡና፣ የገዳሙን ታሪክ የምትነግር አንዲት የሐይቅ ልጅ እዚያ ብትኖር ምን ያህል ቀላል ነበር! ሥራ ማለት እኮ እንዲህ ያለ ነገር ነው። ፈልገህ አታገኘውም፤ እንግዳው ሲቸገር ታየዋለህ።

ገዳሙ ውስጥ ያስተዋልኩት ሌላ ነገር ዛፉ ነው። የገዳሙ ግቢ ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው፣ ወፉ ይንጫጫል። ማዶ ያለው ተራራ ግን እስከ አናቱ ታርሷል። መነኩሴው በጣታቸው አሳዩኝ። "ዝናብ ሲጥል ያኛው አፈሩን ይዞ ወደ ሐይቁ ይመጣል። የእኛ ግቢ ግን ንጹሕ ውሃ ነው የሚለቀው።" በግዝት እንኳ አይደለም ዛፉን ያቆዩት። የጸሎት ቦታ ዛፍ አይቆረጥም በሚል እምነት ነው። በአገራችን ብዙ ቦታ አገር በቀል ዛፍ የተረፈው በቤተ ክርስቲያንና በመቃብር ዙሪያ ነው። በዚህ መንገድ ካየነው ገዳሙ ሐይቁን ይጠብቃል፣ ሐይቁ ዓሣ አስጋሪውን ይመግባል። የተባበሩት መንግሥታት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው 17 የዘላቂ ልማት ግቦች ውስጥ፣ ስለ ከተሞች በሚያወራው 11ኛው ግብ ሥር፣ የዓለምን የባህልና የተፈጥሮ ቅርስ መጠበቅ የሚል አንቀጽ አለ። ባህልና ተፈጥሮን አንድ ላይ ነው ያስቀመጠው። ሐይቅ ላይ ሆኖ ሲያዩት ለምን አንድ ላይ እንደሆነ ይገባል።

ምሳ ቆሮሶ በላሁ። ሙሉውን ተጠብሶ፣ በሎሚና በሚጥሚጣ። ይህ ዓሣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሰው እጅ ሐይቁ ውስጥ የተጨመረ ነው፤ አሁን ግን የአካባቢው ምግብ ሆኗል። ጠባሹ ወጣት ነው። ጠዋት ራሱ ያሰግራል፣ ከሰዓት ይጠብሳል። ዓሣው እያነሰ መምጣቱን በመዳፉ አሳየኝ። "ድሮ ይኼን ያህል ነበር፤ አሁን ይኼን።" መረቡ እየጠበበ ሲሄድ ጫጩቱም ይወጣል፤ ጫጩቱ ከወጣ የሚወልድ አይቀርም። "ሁላችንም እናውቃለን። ግን እኔ ብተወው ያኛው ይወስደዋል" አለኝ። እውነቱን ነው የነገረኝ። እንግዳ ቢበዛ ዓሣው ይበልጥ ይጠፋል ማለት ነው። ስለዚህ እዚህ ጋ እንግዳ ብቻ መጥራት ልማት ሊሆን አይችልም። መጀመሪያ አስጋሪዎቹ ራሳቸው የመረቡን ቀዳዳ ተስማምተው ቢወስኑ፣ ዓሣው የሚወልድበትን ወቅት ቢያሳርፉት ነው የሚያዋጣው።

ከዚህ ወደ ሰሜን ትንሽ ራቅ ብሎ ይስማ ንጉሥ አለ። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመበት ቦታ ነው፤ ለዓድዋ ጦርነት ሰበብ የሆነው አንቀጽ 17 ያለበት ውል። ጊዜ አጥሮኝ አልሄድኩም። ቁጭ ብዬ ግን ካርታውን አየሁት። አይጠየፍ፣ ቦሩ ሜዳ፣ ሐይቅ፣ ይስማ ንጉሥ። አንድ መስመር ላይ ናቸው ማለት ይቻላል። በአንድ ቀን ማንም አይጨርሳቸውም። ሁለት ሌሊት ማደር የግድ ነው።

ደብተሬ ላይ ዛሬ የተጻፈው፦ ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ ገዳም፣ ዓሣ፣ ቡና፣ ሎሚ የሸጠችልኝ ልጅ። ለዓሣውና ለመንገዱ ያወጣሁት ለገዳሙ ከከፈልኩት በጣም ይበልጣል። ሰው የመጣው ግን ለገዳሙ ብሎ ነው።

ሰኞ

ባቲ ገበያዋ ሰኞ ነው። በሌሊት ተነሥቼ ሐረጎን ወረድኩ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዝኩ። እየወረድን ስንሄድ ልብሱ ይለወጣል፣ ቋንቋው ይለወጣል፣ እንስሳው ይለወጣል። ከደጋ አማራው፣ ከቆላ አፋሩ፣ ከመሐል ኦሮሞው እዚህ ይገናኛሉ።

ግመሎቹ ቁልቁል ሲመጡ አቧራው እንደ ጭስ ይነሣል። ቅቤ በቅል፣ ማር በእንስራ፣ ሰሌን ምንጣፍ፣ ጨው፣ በርበሬ። አንድ የአፋር አባት ከአንዲት የደጋ ሴት ጋር በሰሌን ይደራደራሉ። እሳቸው በአፋርኛ ይጀምራሉ፣ በአማርኛ ይጨርሳሉ። እሷ በአማርኛ ትጀምራለች፣ ቁጥሩን በአፋርኛ ትጠራለች። ሁለቱም ዋጋውን ቀድመው ያውቁታል ብዬ ጠረጠርኩ፤ የሚደራደሩት ለመጨዋወት ይመስላል።

ይህ ገበያ አጥር የለውም፣ ቲኬት የለውም። ግን ካየኋቸው ቅርሶች ሁሉ ጤነኛው ይኼ ነው። ምክንያቱም ማንም እንግዳ ባይመጣ ገበያው ሰኞ ይቆማል። ላሊበላን አስታወስኩ። ላሊበላ በ1978 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 ቅርሶች አንዱ ነው። ከተማው በእንግዳ ነበር የሚኖረው። ኮሮና መጣ፣ ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ እንግዳው ቀረ። አስጎብኚው፣ ሆቴል ቤቱ፣ በቅሎ አከራዩ ሁሉ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። በዚያን ጊዜ ከወዳጆቼ አንዱ ደውሎ ያለኝን አልረሳም። "ቤተ ክርስቲያኑ አለ፣ እኛ ግን የለንም።"

ደሴ ይህን መንገድ እንዳትደግመው እፈልጋለሁ። ከሩቅ አገር የሚመጣው እንግዳ ጥሩ ነው፣ ይምጣ። መሠረቱ ግን የቅርቡ ሰው ይሁን። የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ እሁድ ሐይቅ ሄዳ ዓሣ ትብላ። የደሴው የወይዘሮ ስሂን ኮሌጅ ተማሪ ይስማ ንጉሥ ሄዶ አንቀጽ 17ን እዚያው ያንብባት። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም ንግሥ ከመላ አገሪቱ የሚመጣው ምእመን ሲመለስ ደሴ አንድ ቀን ይረፍ። እነዚህ ሰዎች ድሮም አሉ፣ ነገም ይኖራሉ።

ከሰዓት ሙቀቱ በረታ። አንዲት ሰሌን ምንጣፍ ገዝቼ ተመለስኩ። ኮምቦልቻ አደርኩ።

ማክሰኞ

ኮምቦልቻን ሰው የሚያውቃት በፋብሪካዋ ነው። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ። ጠዋት ፈረቃ ሲቀየር መንገዱ በወጣት ሴቶች ይሞላል። አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ናቸው።

ከከተማው ወጣ ብሎ ቃሉ ወረዳ ውስጥ ጌታ የሚባል ቦታ አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሐጂ ቡሽራ ያቋቋሙት የእስልምና ትምህርትና የዱዓ ቦታ ነው። እዚያ ደርሼ ለመመለስ ግማሽ ቀን ብቻ ነበረኝ። ያገኘኋቸው ሼህ በጣም ትሑት ሰው ናቸው። ወሎ ውስጥ መንዙማው በአማርኛ ሆኖ በዓረብ ፊደል እየተጻፈ ከትውልድ ትውልድ እንደተላለፈ አጫወቱኝ። የመውሊድ ሰሞን ስለሚመጣው ሕዝብም ነገሩኝ። "ሁሉም ይበላል" አሉ። "ማን ከየት መጣህ ብሎ ይጠይቃል?"

አይጠየፍ ትዝ አለኝ። ዓርብ የጀመርኩት ጥያቄ እዚህም ደጅ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ለመውሊድ የሚመጣ ሰው ሰንጋ ይፈልጋል፣ ማገዶ ይፈልጋል፣ ውሃ፣ ማደሪያ፣ መኪና ይፈልጋል። የገጠሩ ገበሬ በሬውን፣ ሚስቱ ቡናዋንና ቄጤማዋን የምትሸጠው ለዚያ ሰሞን ነው። ሼሁን የሚያስጨንቃቸው ውሃውና መጸዳጃው ነው። ቀጥሎ ደግሞ የድሮዎቹ ኪታቦች። ዝናብ እንዳያገኛቸው በላስቲክ ጠቅልለው አስቀምጠዋቸዋል። ላስቲኩ እርጥበት ይይዛል ብዬ የቅዳሜውን የግንበኛውን ነገር ልነግራቸው ጀመርኩ። ሳልጨርስ ገባቸው። "እንግዲያው በጨርቅ ይሁን" አሉና አንዱን ደረሳ ነጭ አቡጀዲ እንዲያመጣ ላኩት።

ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ስሄድ ያው የዓርቡ ሹፌር ነው የወሰደኝ። በአምስት ቀን ውስጥ አራት ጊዜ ደውዬለታለሁ። ሻንጣዬ ላይ ሰሌኑ ታስሯል። ደብተሬን ገልብጬ ስቆጥር 23 ሰው ተጽፏል። ስማቸውን ሳይሆን ሥራቸውን ነው የጻፍኩት።

ልንገባ ስንል ስልኬ ጮኸ። የመሶቧ እናት ልጅ ናት።

"እማ ጠይቂልኝ ብላ ነው። ክዳኑ ላይ ቀዩ ይብዛ ወይስ አረንጓዴው?"

ከኋላ ድምፃቸው ይሰማኛል። "ሲመጣ ራሱ ይውሰደው በይው፤ በሰው እንዳይልክ።"

"ቀዩ ይብዛ" አልኳት። "እመጣለሁ በያቸው። ሁለት ሌሊት አድራለሁ።"